ርክክብ በአርሴማ ደጅ

በደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ምንም ሳይሠራ መንገድ ያያል። ሕጉ ነው። መኪናውን የሚነዳው ሾፌሩ ነው። ሾፌሩ ስንል ሰው ማለታችን አይደለም፤ መኪናዋ ውስጥ ያለውን፣ የማይደክመውን፣ የማይሳደበውን፣ ጫት የማይቅመውን ማለታችን ነው። ከፊት የሚቀመጠው ሰው ደግሞ ተረካቢ ይባላል። ሥራው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት መመልከትና ሾፌሩ ግራ የገባው ዕለት መሪውን መቀበል ነው። ሾፌሩ ግራ ሲገባው አንዲት የሴት ድምፅ «ይረከቡ» ትላለች። ትሕትናዋ ለጉድ ነው። ከዚያች ቃል በፊት የደረሰ ጥፋት የሾፌሩ ነው፤ ከዚያች ቃል በኋላ የደረሰ ጥፋት የተረካቢው ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም።

ቃሏን በጆሮው የሰማት ግን ጥቂት ሰው ነው። ብዙዎቻችን መሪ የያዝነው መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንሄዳለን። ካሜራዋ ዓይናችንን ትከታተላለች። ከመንገዱ ላይ ካነሳነው ወንበሩ ይነዝረናል። ስለዚህ መኪና ውስጥ ባልና ሚስት ሳይተያዩ ይጣላሉ፣ ሳይተያዩ ይታረቃሉ። ጎረቤቴ የልጁ ጥርስ የወለቀ ዕለት «እስቲ አፍህን ክፈት» ብሎ ዞር ሲል ወንበሩ ስለነዘረው፣ ቤት እስኪደርሱ ድረስ በወሬ ብቻ ነው የተነገረው። ለምደነዋል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ወንበሩም ካሜራውም ሊያስተዉን አልቻሉም። ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ እንሳለማለን። እናማትባለን፣ አንገታችንን እንደፋለን፣ ከንፈራችንን እናንቀሳቅሳለን። መጀመሪያ ሰሞን በየደጁ ስንነዘር ከረምን፤ ምእመናን አቤቱታ አቀረቡ፤ ኩባንያውም «ለባህላችን ካለው አክብሮት የተነሣ» በአብያተ ክርስቲያናት ደጅ ንዝረቱን እንዳነሳ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በደጅ ስናልፍ ወንበሩ ዝም ይላል። ሰው ኩባንያውን መረቀ። እኔ አልመረቅኩም። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ብሎ የሚያይ ሁሉ ይቅር ብሎ እንዳልሆነ ክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ። ሾፌሩ የት የት ላይ እንደምናቀረቅር በቃሉ ይዟል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለሰው ግን አልተናገርኩም። ተጠራጣሪ ነህ እየተባልኩ ሰልችቶኝ ነበር።

ታላቅ እኅቴ ማራማዊት ተጠራጣሪ አይደለችም። እታለም እላታለሁ። መድኃኒት ቤት አላት፤ ሰፈሩ ግማሹ በዱቤ ይወስድባታል፣ እሷ ደግሞ የሰጠችውን ትረሳለች። ወደ ሥራዋ ስትሄድ ቁልቁለቱ ላይ በቅድስት አርሴማ ደጅ ታልፋለች፤ ስታልፍ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው እጇን ግንባሯ ላይ አስነክታ ብቻ አትሄድም። ጠበል ከጠጣችበት ጊዜ ጀምሮ ጉዳይዋን ሁሉ ለዚያች ደጅ ትነግራለች። የእኔን የሚስት ማጣት ሳይቀር ነግራታለች።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት እታለም አንገቷን ደፍታ እያለች «ይረከቡ» የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል አንድ ሽማግሌ ከፊቷ ነበሩ። መሪውን የያዘችው ከመቷቸው በኋላ ነው። ሽማግሌው ጋሽ ናሆም ይባሉ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ። ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

ሪፖርቱ ከአምቡላንሱ ቀድሞ ደረሰ። የጻፈው ሾፌሩ ነው። «ርክክብ ተፈጽሟል። ተረካቢዋ ትኩረት አልነበራትም።» በቃ፣ ይኸው ነው። ፖሊሱ አንብቦ ራሱን ነቀነቀና እኅቴን በደግ ቃል ጣቢያ ወሰዳት።

በዋስ ስትወጣ ቤቷ ላገኛት ሄድኩ። አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ግድግዳ ታያለች። የቀረበላትን ምግብ አልነካችውም።

«ዐቃቤ ሕጓ አናግራኛለች» አለችኝ። «ሰኞ ዳኛ ፊት ጥፋቱን ካመንኩ ቅጣቱ ይቀልልኛል። ልክ ነው፣ አምናለሁ።»

«ምኑን ነው የምታምኚው?»

«እየተሳለምኩ ሰው ገደልኩ፣ ኖሌ። ሌላ ምን አለ?»

«ከታሰርሽ መድኃኒት ቤቱ ይዘጋል። ፈቃድሽም ይሰረዛል።»

«ይሰረዝ።» ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። «ደግሞ እሱ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ከእንግዲህ አርሴማ ፊት እንዴት እቆማለሁ? በእሷ ደጅ፣ የእሷን ስም እየጠራሁ።»

አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ግን እያለቀስኩ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። እኅቴ በዚያ ደጅ ስታልፍ ዘመኗን ሙሉ አቀርቅራለች፤ አንድም ቀን «ይረከቡ» ተብላ አታውቅም። ሾፌሩ ከሁሉ ቀን መርጦ፣ ከሁሉም ቅጽበት መርጦ፣ እሷ የማታይባትን ቅጽበት ግራ ገባው። ተማሪ የሚኮርጀው አስተማሪው አንገቱን ሲደፋ ነው። ይህን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም።

በማግስቱ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ኤልናታን የሚባል ወጣት ነው፤ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ጨዋ ነው፣ ውኃ አቀረበልኝ። በሐዘናችን ማዘኑን ነገረኝ። ፊቱን ሳየው እውነትም ያዘነ ይመስላል።

«ርክክብ የሚፈጸመው ሾፌሩ መወሰን ሲያቅተው ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

«እኅቴ አንገቷን ስትደፋ ለምን አቃተው?»

«ተገጣጥሞ ነው።»

«ሾፌሩ ያያታል አይደል? ዓይኗ የት እንዳለ ያውቃል።»

«በደንብ ነዋ፤ ለደኅንነቷ ሲባል።»

«እሺ፣ መንዳት ማን አስተማረው?»

እዚህ ላይ ፊቱ በራ፤ የሚወደውን ነገር ጠየቅኩት መሰለኝ። «ራሱ ነው የሚማረው! በየቀኑ፣ ከመላው አገር መኪና። ጥፋቱ በቀነሰ ቁጥር ጎበዝ ሆነ ማለት ነው። ዘንድሮ ጥፋቱ ከምንጊዜውም ያነሰ ነው።»

«የማን ጥፋት?»

«የሾፌሩ።»

«ከርክክብ በኋላ የደረሰውስ?»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «እሱማ የሾፌሩ ጥፋት አይደለም እኮ፣ ጋሼ።»

ውኃውን ሳልጠጣ ወጣሁ።  ማንም ሰው ሾፌሩን እንዲህ አድርግ ብሎ አላዘዘውም፤ ይህ ወጣትም ቢሆን ምንም አያውቅም። ጥፋት እንዳይቆጠርብህ ብቻ ነው የተባለው። እሱም ጥፋት የማይቆጠርበትን መንገድ ራሱ ፈልጎ አገኘ። አደጋ ሲሸተው ለተረካቢው ማስረከብ፤ ተረካቢው ቀና ብሎ ካየ ደግሞ «ሾፌሩ ማቆም እየቻለ አስረከበኝ» ብሎ ስለሚከስ፣ የማያይባትን ቅጽበት መጠበቅ። ኮርጆ መቶ ያመጣ ተማሪ ነው። እኛ ደግሞ ቆመን እናጨበጭብለታለን።

መጠርጠር ማወቅ እንዳልሆነ ግን አላጣሁትም። ስለዚህ እታለምን ለምኜ ከቤት አስወጣኋትና ወደ አንኮበር በሚወስደው አሮጌ መንገድ ይዣት ሄድኩ። የእኔም መኪና የዚያው ኩባንያ ናት። መንገዱ ከአንዲት የገጠር ሚካኤል ደጅ ፊት ይታጠፋል፤ ከትምህርት ቤት ሚኒባስ በቀር የሚያልፍበት የለም። አሮጌ ካፖርቴን ገለባ ጠቅጥቄበት፣ ቆብ ደፍቼበት፣ በእንጨት ደግፌ መሐል መንገድ አቆምኩት። በአህያ ጤፍ ጭኖ የሚያልፍ አንድ ገበሬ ቆሞ አየንና፣

«እናንተ፣ አስፋልቱ ላይ ምን ወፍ መጣባችሁ?» አለ።

«የከተማ ወፍ ነው» አልኩት። ሳቀና ሄደ። እታለም ግን አልሳቀችም።

መጀመሪያ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ሄድኩ። ከፊቴ ያለው መስታወት ላይ ቢጫ የሰው ቅርጽ ታየ፤ ሾፌሩ አይቶታል ማለት ነው። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ከካፖርቴ ፊት ቀስ ብሎ ቆመ። ተመልሰን ደገምነው። አሁንም ቆመ። ግራ የገባው ነገር አልነበረም፤ የእኔን እርዳታ ጨርሶ አልፈለገም።

«አየሽ? ማቆም ይችላል» አልኳት።

«አሁን ተሳለም» አለች እታለም። 

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ እግሬን ፍሬኑ ላይ አሳረፍኩ። ቢጫው ቅርጽ ታየ። ሾፌሩ ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ። ያን ጊዜ አማተብኩና አንገቴን ደፋሁ። መቀነሱ ቀረ። መኪናዋ ልቅ ስትሆን በሆዴ ተሰማኝ፤ ቁልቁለት ላይ ገመዱ የተፈታ ጋሪ እንደዚያ ይመስለኛል።

«ይረከቡ» አለች ሴትዮዋ፣ በትሕትና።

እግሬ እዚያው ፍሬኑ ላይ ነበር፤ ለዚሁ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያም ሆኖ ካፖርቴ ኮፈኑ ላይ ወጥቶ ገለባው ተበተነ። እታለም ጮኸች። ከመኪናው ወርዳ መንገድ ዳር ተቀመጠችና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሁን እፎይ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጥፋተኛ አይደለሽም የሚል ነገር በዓይኗ አይታለች። እፎይታ ግን ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ስጸልይ ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

«አይጠብቅም፤ ያሰላል። እነሱ እንደሚሉት።»

«ለእኔ ምን ልዩነት አለው?»

 ወደ ከተማ ስንመለስ መሪውን ራሴ ይዤ ነዳሁ። መንዳት ረስቻለሁ፤ መስመሩን እየሳትኩ፣ ከኋላዬ ጡሩምባ እየተነፋብኝ፣ ላብ በላብ ሆኜ ገባሁ።

ዐቃቤ ሕጓን ቢሮዋ አገኘኋት። ካፖርቱን፣ ሚካኤልን፣ የቆመበትንና ያልቆመበትን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣

«እኅትዎ ባያቀረቅሩ ኖሮስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«መኪናዋ ራሷ ትቆም ነበር።»

«ስለዚህ ሰውየው የሞቱት እሳቸው ስላቀረቀሩ ነው ማለት ነው።»

«መኪናዋ ማቆም እየቻለች ለቀቀችው ነው የምልሽ!» ጮህኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት።

«የእርስዎ ካፖርት ማስረጃ አይሆንም፣ አቶ ኖላዊ። ጥቅምት ላይ የሆነውን ነው የምንከሰው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከርክክብ በፊት ያለውን ምስል ኩባንያው የሥራ ምስጢር ነው ብሎ አይሰጠንም። ጠይቄያለሁ። መኪናዋን ከዚያ በፊት ያየ ሰው ካለ ያምጡልኝ። ከሌለ ለእኅትዎ የሚበጀው ማመን ነው፤ እንደ እኅት ሆኜ ነው የምነግርዎት።»

ለእታለም ስነግራት የሰማችኝ አልመሰለኝም። ሌላ ነገር ወስና ቆይታለች። ሟቹ ቤት ሄዳ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው፤ እንደ ደንቡ፣ ድንጋይ ተሸክማ።

«አብደሻል?» አልኳት። «የኩባንያው ጠበቃ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ጥፋቷን በጫንቃዋ ተሸክማ አመነች ነው የሚለው።»

«ይበል። ጠበቃው የራሱን ይበል፣ ሾፌሩም የራሱን ያስላ። ሰው ሞቷል፣ ኖሌ። በእኔ መኪና ነው የሞተው። ዝም ብዬ ቤቴ ልቀመጥ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። በእግራችን። ቤቱ ከአርሴማ ብዙ አይርቅም። እታለም የግቢው በር ላይ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ አጎንብሳ ቆመች። ለቀስተኛ የነበሩ ዘመዶች ወጥተው አዩን። አንዱ ጎረምሳ ወደ እኛ ሊመጣ ሲል አንዲት አሮጊት ክንዱን ያዙት። የጋሽ ናሆም ባለቤት ናቸው፤ ወይዘሮ ሶልያና። ማቅ ለብሰው፣ በዝግታ መጥተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከእኅቴ ላይ አነሱት።

«አውርጂው፣ ልጄ። ከበደሽ።»

እታለም እግራቸው ላይ ወደቀች። «እማማ፣ እኔ ነኝ። እየተሳለምኩ ነበር። አላየኋቸውም።»

ወይዘሮ ሶልያና ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አንቺም?» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባንም። ወደ ውስጥ አስገቡን፤ አግዳሚ ላይ አስቀመጡን፤ ውኃ አስመጡልን። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ ነገሩን። የዚያን ጠዋት አብረው ነበሩ። እሳቸው ቀድመው ተሻግረዋል። ጋሽ ናሆም ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ማቋረጫው መሐል ሲደርሱ፣ ደጁ ፊት ለፊት ሲሆንላቸው፣ ቆሙ፤ ቆባቸውን አወለቁ፤ አንገታቸውን ደፉ። እንደ ድሮው ሰው መኪና ይጠብቀኛል ብለው ነው። ባለቤታቸው ከወዲያ ማዶ ዞረው ይጠብቋቸው ነበር።

«መኪናይቱን አላዩዋትም?» ብዬ ጠየቅኩ። 

«አየኋት እንጂ። ከላይ ስትመጣ አየኋት። አልደነገጥኩም፣ ምክንያቱም እየቀነሰች ነበር። ልትቆም ነው ብዬ ፊቴን ልመልስ ስል…» እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ተወችው። መቆሙን ተወችው። የምታውቀውን ሰው አይተህ፣ ሰላም ልትለው እጅህን አንስተህ፣ መልሰህ እንደምታወርደው።»

«ይህን ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? ሪፖርቱ ከመኪናዋ ወጥቶ አልቋል አሉኝ።»

 ቅድም ሊመጣብን የነበረው ጎረምሳ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ግንባሩን በእጁ ይዞ ተቀምጧል። እታለም ከአግዳሚው ተነሥታ ወይዘሮ ሶልያና አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች። ሁለቱ ሴቶች እንደዚያ ተያይዘው ሲያለቅሱ ሳይ ተናድጄ ነበር፤ በሰው ላይ እንዳልናደድ ደግሞ የምናደድበት ሰው አልነበረም።

«ሰኞ ምን ትያለሽ?» አልኳት እኅቴን፣ ስንወጣ።

«ተሳልሜያለሁ እላለሁ። እሱን አልክድም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ገድያለሁ ግን አልልም።»

ሰኞ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። የኩባንያው ጠበቃ ስለ ሾፌሩ እንዲያስረዳ ተጠርቶ መጥቷል፤ ቀልጣፋ ሰው ነው፣ እያንዳንዱን ነገር ቀድሞ ያዘጋጀ ይመስላል። እታለም ክሱ ሲነበብላት «ተሳልሜያለሁ፤ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም» አለች። ጠዋት ሁሉን የነገርኳት ዐቃቤ ሕጓ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና ራሷ ወይዘሮ ሶልያናን ጠራች። አሮጊቷ ለእኛ እንደነገሩን አድርገው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ተናገሩ።

ጠበቃው አስፈቅዶ ተነሣ። «የተከበሩ ዳኛ፣ ምስክሯ ሐዘንተኛ ናቸው፣ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ሁለት ነገር ግልጽ ነው። ተከሳሿ ዓይናቸው መንገድ ላይ እንዳልነበረ ራሳቸው አምነዋል። ሟችም ማቋረጫ መሐል ቆመው ዓይናቸው መንገድ ላይ እንዳልነበረ አሁን ሰማን። የሚያሳዝን ነው፤ ሁለቱም ጥንቃቄ ጎድሏቸዋል። ሾፌሩ ሁለት የማያዩ ሰዎች መካከል ነበር።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙም አልተናገሩም።

«ተከሳሿ አቀርቅረው ነበር ነው የሚሉት።»

«አዎ፣ የተከበሩ ዳኛ።»

«ሟችም አቀርቅረው ነበር።»

«አዎ።»

«ታዲያ በዚያች ቅጽበት መንገዱን ያይ የነበረው ማን ነው?»

ጠበቃው አፉን ከፈተ፤ ወደ ወረቀቱ አየ፤ መልሶ ዘጋው። ዳኛዋ ጥያቄውን ደገሙለት።